ከዱቲ ወደ ፈተና አዳራሽ፦ ለሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ሜዲካል ዳይሬክተር፣

የመጨረሻው ወር የዱቲ (የተረኝነት) ፕሮግራም ተለጥፏል። ለሙያ ብቃት ምዘና (ለሐኪምነት ፈቃድ ፈተና) የሚቀመጡ ኢንተርኖች፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪሞች፣ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ዱቲ ተመድበዋል። ይህንን በአካል ቀርበን ነግረንዎታል፤ በጽሑፍም መዝገብ ቤት ገቢ አድርገናል። ያገኘነው መልስ «ምትክ ፈልጋችሁ ተቀያየሩ» የሚል ብቻ ነው። ምትክ የሚሆነው ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሱም በማግስቱ የሚፈተን ጓደኛው ነው። አንዱን ለማሳረፍ ሌላውን መጉዳት እንደ መፍትሔ ስለተነገረን ነው በአደባባይ የምንጽፍልዎ።

የ36 ሰዓት ዱቲ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀምራል። ኢንተርኑ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ በማግስቱ ሞርኒንግ (የጠዋት የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ የበሽተኛ ኬስ ያቀርባል፣ ራውንድ ይዞራል (በሽተኞችን በየአልጋቸው ይጎበኛል)፣ ትዕዛዝ ይፈጽማል፤ የሚወጣው ማታ 2 ሰዓት ነው። ዱቲ በየሦስት ቀኑ በሚደርስበት ዲፓርትመንት ከሦስት ምሽት አንዱ በዋርድ፣ ሁለተኛው በእንቅልፍ ያልፋል። ለንባብ የሚተርፈው ሦስተኛው ብቻ ነው። በአራት ሳምንት 9 ምሽት ማለት ነው፤ በየምሽቱ 3 ሰዓት ቢነበብ 27 ሰዓት። ይህ ለውስጥ ደዌ፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለሕፃናት፣ ለማህፀንና ጽንስ እና ለኅብረተሰብ ጤና ሲካፈል ለአንዱ አምስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

«ሌሊት ጋደም ይላሉ» ይባላል። መቼ? ምጥ ላይ ያለችን እናት በፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) የሚከታተል ኢንተርን የጽንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ይቆጥራል፣ የማህፀን በር መከፈትን በየ4 ሰዓቱ ይመረምራል። ማግኒዥየም ሰልፌት (በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት) የተጀመረላት ካለች ደግሞ ሪፍሌክሷን፣ አተነፋፈሷንና የሽንቷን መጠን ይከታተላል። በዚህ መሀል ናሙና ይዞ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ ደም ባንክ ይመላለሳል፣ ስትሬቸር ይገፋል። ናሙና ለማድረስና ስትሬቸር ለመግፋት ሐኪም አያስፈልግም። ለሌሊት ተረኛ ተላላኪ ቢመደብ ኢንተርኑ ቢያንስ የተወሰነ ሰዓት ያርፍ ነበር። ይህንንም ጠይቀናል።

ዳውሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ እስኪሆን ይወርዳል። ፈተናው ደግሞ የበሽተኛን ታሪክ አንብቦ መወሰንን ይጠይቃል። እንቅልፍ ያጣ ተፈታኝ «ቀዳሚው እርምጃ» የሚለውን «ትክክለኛው በሽታ» ብሎ ያነባል፣ «በስተቀር» የምትለዋን ቃል ይዘላታል፣ የልጁን ክብደት ረስቶ የአዋቂ መጠን ይመርጣል። ዕውቀቱ እያለው ይወድቃል። የወደቀ ፈቃድ አያገኝም፤ ፈቃድ የሌለው አይቀጠርም። ስድስት ዓመት ያስተማሩት ቤተሰቦቹም አብረውት ይጠብቃሉ።

ስለ ኢንተርኖቹ የአእምሮ ጤና ስናነሳ «ማንም መጥቶ ያመለከተ የለም» ተብለናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ (JAMA) በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው የበርካታ አገራት ጥናቶች ጥምር ትንተና 27.2 በመቶ የሕክምና ተማሪዎች ድብርት ወይም የድብርት ምልክት እንዳላቸው፣ 11.1 በመቶ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደነበራቸው አሳይቷል። ድብርት ከታየባቸው መካከል ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህም ያላመለከተ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ሐኪም ነዎትና ይህ አይጠፋዎትም።

ከፈተናው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ማንም ተፈታኝ ዱቲ አይመደብ። ክፍተቱን ተፈታኝ ያልሆኑ ጠቅላላ ሐኪሞችና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) ይሸፍኑ፤ በሽተኛ ያለ ሐኪም እንዲያድር አንጠይቅም። በቀሪዎቹ ሳምንታት ዱቲ ከ24 ሰዓት አይለፍ፤ ፖስት ዱቲ የሆነ (ዱቲ ያደረ) ኢንተርን ጠዋት በሽተኞቹን አስረክቦ ይውጣ።

ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ተስተካክሎ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን። የማይስተካከል ከሆነም ምክንያቱ በእርስዎ ፊርማና በሆስፒታሉ ማኅተም በጽሑፍ ይሰጠን።

የኢንተርኖች ተወካዮች