ቦርሳችንን ትሸከም የነበረችው ልጅ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ አብሮ አደግ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድሬም ያው ሙቀቷ ነው። የከዚራ ዛፎች ጥላ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። ስትደውዪ አላነሳሁም። ተቀይሜሽ አይደለም። እማዬ ካረፈች በኋላ ሰው ማናገር ከበደኝ። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እሑድ ከሰዓት በግድ ጎትታ ለገሀሬ ወሰደችኝ። የሆነ ሰው በነጻ የለቀቀላቸው አንድ ክፍል ነው። ውስጡ በቤት ሠራተኝነት የሚሠሩ ልጆች ተሰብስበው ፊደል ይቆጥራሉ። ከደደር፣ ከበደኖ የመጡ አሉ። እረፍት የሌላቸው ገበያ ደርሼ ልምጣ ብለው ነው የሚወጡት። ዘንቢላቸውን በር ላይ ይደረድሩታል። አማርኛው የሚከብዳቸው ስላሉ፣ እኔና አንቺ ሰፈር ውስጥ የቃረምናት ኦሮምኛ አሁን ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

መጀመሪያ የምናስጽፋቸው ስማቸውን ነው። ቀጥሎ የተቀጠሩበትን ቀን፣ የተስማሙበትን ደመወዝ፣ ያስቀጠራቸውን ደላላ ስም። ይህቺ ደብተር ቀላል ነገር እንዳትመስልሽ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ለእነሱ ደንብ ይወጣል ብሎ ያልፋቸዋል። ከእሱ በፊት የነበረው የ1996ቱም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ደመወዟን የተከለከለች ልጅ የምትንጠለጠለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የቃል ውልም ውል ነው፣ ግን ማስረዳት አለባት። በምን ታስረዳ? ደላላው ካልመሰከረላት ማን ይመሰክርላታል?

ስለ አንዷ ልንገርሽ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መጻፍ አትችልም ነበር። አንድ ቀን ከጉያዋ ክር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጥቁር የስፌት ክር ነው፣ በእጅ ብዛት ወዝቷል። ወር በሞላ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ቆጠርነው፤ ዐሥራ አንድ። አንድም ወር አልተከፈላትም። “ይጠራቀምልሽ” ነው የምትባለው።

እኔና ባልደረባዬ አብረናት ወደ አሠሪዋ ቤት ሄድን። ሴትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም። አስገባችን፣ ውኃ አቀረበችልን። ከዚያ “እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት” አለች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ክሩን በጣቷ ትጠቀልላለች። የሴትየዋ ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዋ፣ ዩኒፎርም ለብሳ በዚያው ሰዓት ከትምህርት ቤት ገባች። ምንም አልተናገርኩም። ሴትየዋም ሁለቱን አየቻቸው።

ሦስቴ ተመላለስን። ደላላውን ለምነን አመጣነው። በመጨረሻ የስምንት ወሩ ተከፈላት፤ የቀረውን እየተከታተልን ነው። አሁን ሌላ ቤት ናት፣ ማታ ማታ ትማራለች። እንደዚህ ያልተሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ቤት ቀይረው አድራሻቸው የጠፋብን አሉ፣ እነሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቢሆንም እሑድ እስኪደርስ እቸኩላለሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እቸኩልለት የነበረ ነገር አልነበረኝም።

“እንደ ልጄ” የሚለው ቃል ግን አለቀቀኝም። እማዬም እኮ እንደዚያ ትል ነበር። ታስታውሻለሽ፣ እኛ ቤት የነበረችውን? ጠዋት የእኔንም ያንቺንም ቦርሳ አንጠልጥላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታደርሰናለች። እኛ እንገባለን፣ እሷ ትመለሳለች። ማድ ቤት ነበር የምትተኛው። ፀጉራችንን የምትሠራልን እሷ ናት። ደመወዝ ይከፈላት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የሄደች ቀን አኩርፌ አለቀስኩ፣ ግን የአባቷን ስም እንኳን አላውቅም። እማዬን ልጠይቃት አልችልም። ደብተር ባስጻፍኩ ቁጥር የእሷ ገጽ ባዶ ሆኖ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ አንድም ስለናፈቅሽኝ ነው። አንድም የማስቸግርሽ ነገር ስላለ። ልጅቷን ለእማዬ ያገኙላት ያንቺ እናት፣ እትዬ፣ ነበሩ። እትዬ አሁንም ነገር አይረሱም አይደል? እስቲ ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ። ከየት አገር ነበር የመጣችው? የማን ልጅ ናት? ስትሄድስ ወዴት ሄደች? የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጻፊልኝ። ስትደውዪም አነሳለሁ።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ከድሬ