እማዬ፣ ቀስ እያልሽ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ እዚህ ሐዋሳ ደህና ነኝ። በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው የጻፍኩልሽ። ለታናሼ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ ታንብብልሽ። እንዳታቋርጫት።

«በሦስት ሳምንት ስድስት ኪሎ ቀነስኩ» ስትይኝ ደነገጥኩ። ለካ ቁርስና ምሳ ትተሽ ማታ ብቻ ነው የምትቀምሺው። ድሮ ሰው «ከሳሽ» ሲልሽ ትቆጪ ነበር እኮ! አሁን ጎረቤት «ቀነስሽ» ሲልሽ ደስታውን አልቻልሽውም። የሠርጉ ቀሚስ ነገር ገብቶኛል። ግን ቀሚስ ማስፋት ይቻላል።

እኔን ያስፈራኝ የስኳር ኪኒንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ ባዶ ሆድ ላይ አይሆንም፤ ምግብ ከሌለ ስኳርሽን ከልክ በታች ያወርደዋል። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ያላበሽና ያንቀጠቀጠሽ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ከደገመሽ ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ ከዚያ ምግብ ብዪ። ኪኒኑንም በራስሽ እንዳታቆሚ። ምግብ መቀነስሽን ነገ ሄደሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ከሚወርደው ኪሎ ብዙው ውሃ ነው። መብላት ስትጀምሪ አንድ ሁለት ኪሎ ቢመለስ እንዳይከፋሽ። በረሃብ ስትቀንሺ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ በአንቺ ዕድሜ እሱን መመለስ ከባድ ነው። በጥድፊያ የቀነሰ ሰው የሐሞት ጠጠርም ሊይዘው ይችላል።

ከአሁን በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃሻል። በዐቢይ ጾም ልክ፣ በ55 ቀን፣ አራት ኪሎ ማለት ነው። (የጾሙን ነገር ከንስሐ አባትሽና ከሐኪሙ ጋር እንነጋገርበታለን።) አራት ኪሎ እንዳትንቂ። አንድ ኪሎ ስትቀንሺ በየእርምጃሽ ከጉልበትሽ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ይነሳል። ያ ደረጃ ስትወጪ የምታማርሪው ጉልበት!

ጠዋት እንቁላል ወይም ፉል ብዪ። እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር አድርጊ። ሽሮው ላይ የምታፈሺውን ዘይት ግን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሎሚ በሙቅ ውሃውን ከወደድሽው ጠጪ፤ ስብ ግን አያቀልጥም። ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ጋር እስከ አደባባዩ ደርሳችሁ ተመለሱ።

ሚዛኑን ለእሷ ስጫት። እሑድ ጠዋት ብቻ ታውጣው። ቅዳሜ እደውላለሁ፤ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ቁርስ ምን እንደበላሽ ነው።

ልጅሽ