የልብ ባትሪ ከገባ በኋላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ውስጥ «ባትሪ ተገጠመለት» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ስለ ፔስሜከር፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚመታን ልብ በኤሌክትሪክ ስለሚያግዘው ስለዚህ ባትሪ፣ ሲነሣ የሚወራው ስለ ገንዘቡና ስለ ወረፋው ነው፤ በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ስላለው ግን ብዙም አይነገርም።

ሥራው ከባድ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ከግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ ደረቱ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ቀጭን ሽቦ በደም ሥር አልፎ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል፣ ባትሪው ከቆዳ ሥር በተከፈተለት ኪስ ይቀመጣል። ደም ሥሩ ሲፈለግ መርፌው ሳንባ ሊነካ ስለሚችል ከዚያ በኋላ የደረት ራጅ ይነሣል፤ ካልተነሣ ይጠየቅ።

የሽቦው ጫፍ ከልብ ጡንቻ ጋር በደንብ እስኪያያዝ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የግራ ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሣም፣ ከባድ ነገርም አይሸከምም። ሠርግ ቢኖርም እስክስታው ይቆይ። በዐቢይ ጾም ደግሞ በእጅ ተደግፎ መስገድ ይቅርና ቆሞ መጸለይ ይበቃል፤ ይህን የንስሐ አባት ቢናገሩት ከሐኪም ይልቅ ይሰማሉ። ፈርቶ ክንድን ጭርሱን አስሮ መዋልም ትከሻን ያደርቃል፤ መብላትና ልብስ መልበስ የከለከለ የለም። ሽቦው ከቦታው ከለቀቀ የቀድሞው ማዞርና ራስን መሳት ይመለሳል፤ አንዳንዱንም እንደ ስቅታ ያለ ነገር ሆዱን እየመታ ያስቸግረዋል።

የምንፈራው ግን ኢንፌክሽኑን ነው። ቁስሉ ሲቀላና ሲሞቅ፣ ወይም ከወራት በኋላ ቆዳው ሳስቶ ብረቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ አሞክሲሲሊን ይገዛል። ኪኒኑ ለጥቂት ቀን ያስታግሥ ይሆናል፤ ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ባክቴሪያ ግን አያጠፋም። ኪሱ መግል ከቋጠረ ባትሪውም ሽቦውም መውጣት አለባቸው፣ ካልሆነ ባክቴሪያው ሽቦውን ተከትሎ ልብ ይደርሳል። በደም ያበጠንም ኪስ በመርፌ መቅዳት አይገባም፤ ያው መርፌ ጀርም ያስገባል። ቁስሉ እስኪድን ጸበሉ ይጠጣ እንጂ አይፈሰስበት። ጥምቀት ቢደርስ እንኳ ፋሲል መዋኛ ዘሎ መግባት የለም።

ባትሪው ባብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፣ ቀጠሮውን ለሚያከብር ሰው ማለቂያው ከወራት በፊት ይታወቃል። ሲለወጥም ሽቦው ደኅና ከሆነ ባለበት ይቀራል። የማሽኑ ማንበቢያ ኮምፒውተር እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የአምራቹ ስም የተጻፈበትን የባትሪውን ካርድ የጣለ ሰው ከደባርቅ ወይም ከመተማ ድረስ መጥቶ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚያስፈልገው ሳይታወቅ ሊጉላላ ይችላል። ካርዱን ፎቶ አንሥቶ በስልክ መያዝ ይጠቅማል፤ ስልኩን ግን ባትሪው ባለበት በኩል የደረት ኪስ ውስጥ አይክተቱት።

የልብ ሕክምና ባለሙያዎች
ከጎንደር