«መቅመስ መጠጣት ነው እንዴ?»፦ የጤናና ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮ ሥራችን ጥርስ ነበር። ዕቅዳችንን ስናሳውቅ መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ጥርስ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ያለን ሰው አልጠፋም። መልሴ ይኸው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ከቤተሰብ ዓይን እየራቁ፣ የኪስ ገንዘባቸውን ራሳቸው የሚያዙበት ዕድሜ ላይ ናቸው። የድሬ ሙቀት ደግሞ ከቀትር በኋላ ያለ ለስላሳ አያስውልም። ጥርስ ሲያም ሁሉም ያውቀዋል። እኛ የፈለግነው ገና ሳያም «የማን ጥርስ ነው የሚያሰጋው?» ብለን ቀድመን ማወቅ ነው።

ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ምርጫ፣ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ፤ ሁሉም በጊዜው ተሠርቷል። በሰልፍ ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ላይ አራት ጊዜ ቀርበናል። አቼቶ ውስጥ ያደረ የእንቁላል ቅርፊትም አሳይተናል። ቅርፊት ጥርስ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ አሲድ ጠንካራውን ነገር እንዴት እንደሚያሟሟ ለማሳየት ግን በቂ ነው። «ጥርሴን ትል በላው» እያሉ ያደጉ ልጆች ቅርፊቱን በጣታቸው ሲጫኑት ዝም አሉ።

ትንበያውን የወሰድነው ካሪዮግራም ከሚባለው ዘዴ ነው። በስዊድን ማልሞ ከተማ ፕሮፌሰር ዳግላስ ብራትሃል ያወጡት ነው። አንድ ክብ ይሳልና በአምስት ቀለም ይከፈላል። አንዱ ምግብ፣ አንዱ ባክቴሪያ፣ አንዱ የጥርሱ መከላከያ (ምራቅና ፍሎራይድ)፣ አንዱ ደግሞ ያለፈ ታሪክ ነው። የቀረው አረንጓዴ ነው፤ ከአዲስ መቦርቦር የመትረፍ ዕድል ማለት ነው። እነሱ በኮምፒውተር ይሠሩታል። እኛ በደብተር ወረቀትና በባለቀለም እርሳስ ሠራነው። ባክቴሪያ መመርመሪያ ስለሌለን ጥርስ ላይ የተጋገረውን በዓይን አይተን ገመትን።

ምራቅን ግን ለክተናል። ስኳር የሌለው ማስቲካ 5 ደቂቃ እያኘኩ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ መትፋት ነው። በደቂቃ ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ጥሩ፣ ከ0.7 በታች ከሆነ አነስተኛ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳቅ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የማንም ፊት አልተኮማተረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። 34 አባል ያለው ክበብ የተሰጠው ሁለት ሲሊንደር ነው። ኳስ በየዓመቱ ይገዛል፤ ይገዛም፣ አልቃወምም። የሲሊንደር ዋጋ ግን ከኳስ አይበልጥም።

አሁን ወደ ሚያዝያው ጉዞ ልምጣ። ከተማ ውስጥ ያለች አንዲት የጥርስ ሐኪም ቅዳሜ ጠዋት 12 ልጆች በነፃ ልታይልን ፈቀደች። ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ክብ ሠርቶ በፖስታ አሸገ። ፖስታው የሚከፈተው ሐኪሟ አይታ ስትጨርስ ነው። ከቀፊራ ገበያ ወዲህ በሦስት ባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የማን ክብ አረንጓዴ እንደሆነ ሲከራከሩ ነበር።

ከሁሉም አረንጓዴ የነበረው የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። ጠዋትና ማታ በፍሎራይድ ሳሙና ትቦርሻለች። በመሃል መፋቂያ አይለያትም። የተሞላ ጥርስ የለም፣ የተነቀለ የለም። ሐኪሟ መስታወቷን አስገብታ ቆየች። ከዚያ ድዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጭ ምልክቶች አሳየችን። እንደ ኖራ የደበዘዙ ናቸው። መቦርቦር እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ልጅቷ ፖስታዋን ከፍታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ቲቸር፣ ወረቀቱ ነው የዋሸው ወይስ እኔ?»

መልስ አልነበረኝም። ሐኪሟ ናት ከትምህርት በኋላ የት እንደምትውል የጠየቀቻት። ለካ እናቷ ሻይ ይሸጣሉ፤ እሷ ትረዳቸዋለች። ስኳሩ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው የሚገባው። አንዱ አልቆ ሌላው በተጣደ ቁጥር ጣፈጠ አልጣፈጠ ብላ ትቀምሳለች። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ስባሪም አለ። «በቀን ስንት ሻይ?» ለሚለው ጥያቄያችን «ሁለት» ብላ ጽፋለች። ሁለት ነው የምትጠጣው። «መቅመስ መጠጣት ነው እንዴ?» አለች። ከልቧ ነበር።

ጥፋቱ የጥያቄያችን ነበር። ስንት ሻይ፣ ስንት ማንኪያ ስኳር ብለን ጠየቅን፤ ጣፋጭ ስንት ጊዜ አፍ ይገባል ብለን አልጠየቅንም። ስኳር በቀመስን ቁጥር አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ። ፒኤች (ሲወርድ አሲዱ መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን የጥርሱ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ያንን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እሷ ጋ ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ቅምሻ ይመጣል። ደግነቱ ነጩ ምልክት ገና ቀዳዳ አይደለም። ፍሎራይድ ካገኘና ቅምሻው ከቀነሰ ሊጠገን ይችላል። በማግስቱ እናቷ ራሳቸው እየቀመሱ ነው አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ቅጹን ከእንደገና ጻፍነው። «በቀን ስንት ጊዜ ጣፋጭ ነገር አፍህ/አፍሽ ይገባል? ቅምሻም ይቆጠራል» ይላል አሁን። ጥያቄውን ያረቀቀችው እሷ ናት። በርጫን የሚመለከተውንም ለብቻው፣ ስም በማይጻፍበት ወረቀት አደረግነው። ከጫቱ ጋር የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ፣ የአፍ መድረቁም ጭምር፣ ለኛ ከተማ ሊታለፍ የሚችል ጥያቄ አይደለም። ስም ሲቀር ልጆቹ እውነቱን ጻፉ።

ያልተሳካልንም አለ። የፒኤች ወረቀቱ በየካቲት አለቀ፣ አልተተካም። ከ34ቱ 22ቱ ሐኪም ሳያያቸው ቀሩ። ከታዩት ውስጥ የሦስቱ ትንበያ ስቷል። ሁለቱን ያሳተው ቀላል ነገር ነው፤ በፊት የተሞላ ጥርሳቸውን «ያለፈ ነገር ነው» ብለው ሳይጽፉት ቀሩ። አንዴ የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው ግን እንደገና የመቦርቦር ዕድሉ ሰፊ ነው። ለብቻው ከተወሰደ ከዚህ የተሻለ ጠቋሚ የለም።

ትንበያ የሚፈተነው ደግሞ በጊዜ ነው። እነዚሁን ልጆች በሚቀጥለው ሚያዝያ መልሰን ማሳየት አለብን። የ12ኛ ክፍሎቹ አምስት ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ካሉ እንመጣለን ብለው ፈርመዋል። ከወላጅ መምህር ህብረትና ከቀድሞ ተማሪዎች የምንለምነው አራት ሲሊንደር፣ አንድ ካርቶን የፍሎራይድ ሳሙና፣ የፒኤች ወረቀትና የ34 ልጅ የባጃጅ ሂሳብ ነው። በአዲሱ ቅጽ የተሠሩት 34 ክቦች በፖስታ ታሽገው ላብራቶሪው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ቁልፉ የሻይ ሻጯ ልጅ ጋ ነው።