እነዚያ ሁለት እጆች የማን ናቸው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ህንድ ሙዚቃ ታላላቆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ድምፃዊቷ ላታ ማንጌሽካር አሉ፤ ይገባቸዋል። ቢስሚላህ ካን ከነሸህናያቸው (መለከት መሰል የትንፋሽ መሣሪያ ነው) አሉ፤ እሰየው። ሲታር የሚባለውን የህንድ የክር መሣሪያ የሚጫወቱት ራቪ ሻንካርማ ግማሽ ገጽ ወስደዋል። እኔን ያናደደኝ ፎቶው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ለባንግላዴሽ በተዘጋጀው ኮንሰርት የተነሳው። ጥግ ላይ ሁለት እጆች ታብላ፣ ማለትም ጥንዱ የህንድ ከበሮ ላይ አርፈዋል። ጭንቅላት የላቸውም፣ ደረት የላቸውም። ከሥሩ «ራቪ ሻንካር ብቻቸውን አዳራሹን ሲያስደምሙ» ብላችኋል። እጆቹ ታዲያ የማን መሰሏችሁ? የአዳራሹ?

የታብላው ሊቅ የኡስታድ አላ ራካ ናቸው። በ1967 ሞንተሬይ፣ በ1969 ውድስቶክ በተባሉት የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ከራቪ ሻንካር ጎን የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ኒው ዮርክም ሳሮድ የያዙት አሊ አክባር ካን፣ ታምቡራ የያዙት ካማላ ቻክራቫርቲ አብረው ነበሩ፤ ሁለቱም የክር መሣሪያዎች ናቸው። አራት ሰው ተቀምጦ «ብቻቸውን»! ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ታብላ ለማድመቂያ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ሲታሩ ብቻውን ይሄዳል፣ እውነት ነው። ታብላው ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እየተመለሰ የሚጀምረው የምት ዙር ብዙ ጊዜ 16 ምት ነው። ሲታር ተጫዋቹ እንዳሻው ሲሄድ ዙሩን ይዞ የሚጠብቀው ታብላ መቺው ነው። ቆይተው ይለዋወጣሉ። ሲታሩ አንዲት ዜማ እየደጋገመ ይጠብቃል፣ ታብላው ይፈነጫል። ከዚያ ሲታሩ ይጠይቃል፣ ታብላው ይመልሳል። መቺው የግራውን ከበሮ በመዳፉ ሥር ጫን አድርጎ ሲገፋው ድምፁ እንደ ሰው ያቃስታል። ራቪ ሻንካር ራሳቸው መድረክ ላይ ለታብላው ሰፊ ጊዜ በመስጠት ይታወቃሉ። እሳቸው ያልነፈጉትን እናንተ ነፈጋችሁ።

የአላ ራካን ልጅ፣ ታብላ መቺውን ዛኪር ሁሴንንስ እንዴት ዘለላችሁ? በ2024 በአንድ ምሽት ሦስት ግራሚ ወሰዱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በ73 ዓመታቸው አረፉ። አራስ ሳሉ አባታቸው በጆሯቸው ጸሎት ሳይሆን የታብላ ምት እንዳንሾካሾኩላቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ይህ ሁሉ ለጽሑፋችሁ አይሆንም ማለት ነው?

ብስጭቴ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። ባህል ቤት ሌሊቱን ሙሉ ስደልቅ የማድር ሰው ነኝ። በሠራሁበት አንድ አልበም ሽፋን ላይ ድምፃዊውን ያስዋበችው ልጅ ስሟ አለ። እኛ «እና ሌሎች» ነን። አንድ ክሊፕ ላይ ከእኔ የወጣው ክርኔ ብቻ ነው፤ እናቴ በክርኔ ለየችኝ። ሠርግ ላይ ለዘፋኙ ፖስታ ይሰጠዋል፣ ለእኛ «እናንተ ደግሞ እራት ብሉ እንጂ» ይባላል።

«ፎቶው ከገጹ ጋር አልገጥም ብሎን ነው» ትሉ ይሆናል። ይሁን፣ ፎቶ ይቆረጣል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ቦታ ነበረ። በዚያው ኮንሰርት ለነበረው ለቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ነጭ ሱፍ ሦስት መስመር አልጠፋም! «አላ ራካ» ሁለት ቃል ነው።

ለበዓል ስለ ባህል ሙዚቃችን ልዩ ዝግጅት ልታወጡ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የከበሮ መቺዎቹን ስም ከፈለጋችሁ ደውሉልኝ። ማታ ማታ ግን ሥራ ላይ ነኝ።

አንድ ከበሮ መቺ
ከአዲስ አበባ