የፖስታውን ቀን ማን ይቆጥራል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስሙ በተነሳ ቁጥር የምናነበው የቴሌኮም ወሬ ነው። በ2013 ዓ.ም. እነ ሳፋሪኮም ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ፣ ኔትወርኩ እዚህ ደረሰ፣ እዚያ ተቋረጠ። ገንዘቡ ብዙ ነውና ይጻፍ። ይኸው ባለሥልጣን ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ፖስታንም የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ስለዚህኛው ሥራው የሚጽፍ አላየሁም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ወሎ ውስጥ በአንድ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ነው። ተማሪ ሰርተፊኬቱን በአደራ ሲልክ አንገቱን አስግጎ ሚዛኑን ከእኔ እኩል ያነብ ነበር፤ ደረሰኙን አጥፎ አጣጥፎ ከመታወቂያው ጋር ይከታል። ፖስታው ቢጠፋ ያንን ወረቀት ይዞ የሚጠይቀው አካል አለ። ዛሬ ያው ተማሪ መናኸሪያ ወርዶ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጥና ታርጋውን ለተቀባዩ ደውሎ ይነግረዋል። አልፈርድበትም። አውቶቡሱ ማታ ይገባል፤ ፖስታው መቼ እንደሚገባ ግን በእርግጠኝነት የሚነግረው የለም። ረዳቱ ጋ የጠፋ ወረቀት ደግሞ ጠፋ ነው።

የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አገሮች ለሕዝባቸው በሁሉም የአገራቸው ክፍል መሠረታዊ የፖስታ አገልግሎት በሚቻል ዋጋ ለማዳረስ ተስማምተዋል። እኛ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አባል ነን፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኅብረቱን ልዩ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ አስተናግደናል። «መሠረታዊ» የሚባለው ምን ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው፤ ሥራውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጋቸው ደብዳቤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ጥቅል አምስት ቀን፣ ዋጋውም ለለንደንም ለስኮትላንድ ደሴትም አንድ እንዲሆን ደነገጉ። ደብዳቤው ሲቀንስባቸው ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2025 አላላላቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ደብዳቤ በሥራ ቀናት አንድ ቀን እየዘለለ እንዲታደል ፈቀደ። የአንደኛ ደረጃው በማግስቱ የመድረስ ግብም ከ93 ወደ 90 በመቶ ወረደ። ማላላቱ ለእኛ አርአያ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈ ስለሆነ ምን እንደተቀነሰባቸው ሕዝቡ ያውቃል፤ ይከራከርበታል። እኛ ጋ ቢቀነስ ከምን ላይ እንደተቀነሰ በምን እናውቃለን?

«የደብዳቤ ዘመን አልፏል» የሚሉ አሉ፤ ዴንማርክን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የፖስታ ድርጅቱ ፖስትኖርድ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ እዚያ ደብዳቤ ማደል አቁሟል። ዴንማርካዊው ግን የመንግሥት ደብዳቤ በስልኩ ይደርሰዋል። ዋግ ኽምራ ላለ ጡረተኛ ይህን የሚለው ማን ነው?

ቤት ለቤት ይታደል አላልኩም። የፖስታ ሣጥን ይበቃናል። የወረዳው መስኮት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚከፈት፣ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ የሚሄድ የአደራ ደብዳቤ በስንት ቀን መድረስ እንዳለበት፣ ቢዘገይ ማን እንደሚጠየቅ ግን በመመሪያ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። የግል አድራሾች አዳማና ሐዋሳን ቢመርጡ አይገርምም፤ ትርፉ እዚያ ነው። የሩቁን ወረዳ ኪሳራ ለመሸፈን ከተማ ውስጥ በሞተር በሚያደርሱት ልጆች ላይ ክፍያ መጫን ግን አይታየኝም፤ መንግሥት ራሱ ከበጀት በግልጽ ይክፈል። ከዚያ በፊት ኪሳራው በየቅርንጫፉ ስንት እንደሆነ ይታወቅ።

ቀኑን መቁጠሩም ለፖስታ ቤቱ መተው የለበትም፤ የራሱን ፈተና ራሱ ሊያርም ነው። በሌላ አገር የሙከራ ደብዳቤ ከፖስታ ቤቱ ውጭ ባሉ ሰዎች ይላካል፤ ተቀባዩ የደረሰበትን ቀን ይመዘግባል፤ ውጤቱ ይታተማል። ወጪው ይህን ያህል አይከብድም። ባለሥልጣኑ ወሎ ላይ የሙከራ ደብዳቤ የሚቀበልለት ሰው ካጣ እኔ አለሁ፤ የሣጥኔን ኪራይ እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

ጡረተኛ የፖስታ ሠራተኛ፣ ከደሴ