መጽሐፉን እንድናነብ ሕጉ ፈቅዷል፤ ፋይሉን ስጡን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ መጽሐፍ ስርቆት የሚወጡ ጽሑፎችን በቻልኩት ሁሉ እከታተላለሁ። ደራሲ ዓመታት ለፍቶ ያሳተመው መጽሐፍ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ማንም ተነስቶ ያለ ፈቃድ ይተርከዋል፤ ገንዘቡንም ይሰበስብበታል። ደራሲያን ቢያማርሩ አይፈረድባቸውም። ግን በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድ ሰው ተረስቷል። መጽሐፉን በገንዘቡ ገዝቶ ማንበብ የማይችለው ሰው።

እኔ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። አዲስ የታሪክ መጽሐፍ ወጣ ሲባል እንደማንኛውም መምህር ልቤ ይነሳል። እገዛለሁ፣ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በእኔ እጅ አይደለም። ማን ጊዜ አለው? ማን ያነብልኛል?

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሁሉ ነገር በአንባቢ ነበር። አንባቢ የምንለው ቁጭ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብልንን ጓደኛ ነው። የራሳቸው ፈተና እያለባቸው ሌሊት ዶርም መጥተው ያነቡልን የነበሩ ልጆች ነበሩ። ውለታቸውን እስክሞት አልረሳም። እኛም ንባቡን በቴፕ፣ ኋላ ደግሞ በሞባይል እንቀዳለን። ቅጂውን ከኛ በታች ላሉ ባቾች እናወርሳለን። ቅጂዎቹ ውስጥ የአንባቢው ሳል አለ። የጎረቤት ዶርም ሙዚቃ አለ። «ይቅርታ፣ አንድ ገጽ ዘልያለሁ» የሚል ድምፅ አለ። በዚያ ነው ተመርቀን የወጣነው።

ብሬልስ አትሉኝም? ብሬል፣ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ የትምህርታችን መሠረት ነው፤ ምንም አይተካውም። ግን ለአማርኛ መጽሐፍ ከባድ ነው። ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቦታ ይይዛል። ወረቀቱም ወፍራም ነው። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ በርካታ ጥራዝ ሆኖ ይወጣል፤ ማሳተሚያውም ማስቀመጫውም ይቸግራል። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው በስልክና በኮምፒውተር ነው፤ ስክሪን ሪደር በሚባለው፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም። ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባል አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውራን ጓደኛሞች የጀመሩት ነው፤ ለዓለም ሁሉ በነፃ ይሰጣል። ኢስፒክ የሚባለው ነፃ የድምፅ ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ቢሆንም ይገባናል። ሰዎች ዕውቀታቸውን በነፃ ስለለቀቁ እኔ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ ራሴ አርሜዋለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ዓለም አቀፍ የቅጅ መብት ስምምነቶች እ.ኤ.አ. ከ1886ቱ የበርን ስምምነት ጀምሮ በዋናነት የባለመብቱን መብት ሲያሰፉ ነው የኖሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ብራዚል፣ ኢኳዶርና ፓራጓይ የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ያዘጋጀውን ረቂቅ ይዘው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፊት ቀረቡ። ጥያቄው ቀላል ነበር። መጽሐፍ ዓይነ ስውር ሊያነበው ወደሚችል መልክ ሲቀየር የባለመብቱ ፈቃድ አይጠየቅ፤ የተቀየረው ቅጂም ድንበር ይሻገር። ሀብታሞቹ አገሮችና ትልልቅ አሳታሚዎች ለዓመታት አንገራገሩ። ለአንድ ወገን በር ከተከፈተ ነገ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ይከተላል ብለው ሰጉ። በመጨረሻ ሰኔ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ሞሮኮ ውስጥ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የማራካሽ ስምምነት የሚባለው ይኸው ነው። ታዳጊ አገሮች ገፍተው ያስለወጡት ሕግ በመሆኑ እንደ ታሪክ መምህር እኮራበታለሁ።

ስምምነቱ የሚጠቅመው ዓይነ ስውራንን ብቻ አይደለም። የዓይናቸው ብርሃን የደከመ፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ያለባቸው፣ በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ መያዝና መግለጥ የማይችሉ ሰዎች ሁሉ ይካተታሉ። ለትርፍ የማይሠራ ተቋም፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ማኅበር መጽሐፉን ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደሚነበብ ፋይል መቀየርና ለነዚህ ሰዎች መስጠት ይችላል። ደራሲውንም አሳታሚውንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን አጽድቃለች። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ይሠራባታል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ መብቱ የሚለመን ነገር አይደለም፤ አለን። መሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው።

የአንድ አንጋፋ ደራሲ መጽሐፍ በጣም ፈልጌ አሳታሚው ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት ትሁት ነበር። «ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል» አለኝ። «ግን ፋይል ከእጃችን ከወጣ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ነው። አለቆቼ በፍጹም አይሰጡም።» ስለ ማራካሽ ነገርኩት። ሰምቶም አያውቅም። አልፈርድበትም፤ ማን ነግሮት? ከዚያ የደራሲውን ስልክ በሰው በሰው አገኘሁ። «ጋሼ፣ መጽሐፍዎን ገዝቼዋለሁ፤ ማንበብ ግን አልቻልኩም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ይህን መጠየቅ ነበረብህ እንዴ?» አሉኝ። ያን ዕለት ማታ ፋይሉን ላኩልኝ።

ከፈትኩት። ስክሪን ሪደሩ ያነበበልኝ አማርኛ አልነበረም። ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ምክንያቱን የሙያው ሰዎች ያውቁታል። መጽሐፉ የተለቀመው በድሮው ፎንት ነው፤ ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉት። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ «ሀ» ለዓይን «ሀ» ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም በየማተሚያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ በድሮው ፎንት የሚለቀም ሥራ ሞልቷል። ኮምፒውተር ቤት ያለው የአንድ ተማሪዬ ወንድም ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ቀየረልኝ። እንደ «ሏ» እና «ኳ» ያሉ ፊደላት ተበላሽተው ቀሩ፤ ዓመተ ምሕረቶቹም የተዘበራረቁበት ቦታ ነበር። ለታሪክ መምህር ዓመተ ምሕረት ሲዛባ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቢሆንም መጽሐፉን አነበብኩት። ከዳር እስከ ዳር፣ በራሴ ሰዓት፣ የማንንም ጊዜ ሳልሻማ።

ስለ ቴሌግራሙ ስጋት በቀጥታ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሁሉም መልስ እሱ ነው። መጽሐፍ የሚሰርቁት ሰዎች የእኛን ፋይል አይጠብቁም። ከሱቅ ገዝተው ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሱታል። ያ የተሰረቀ ፒዲኤፍ ደግሞ ምስል ስለሆነ ስክሪን ሪደራችን አንድ ቃል አያነብበትም። ሌባው መጽሐፉን አለው፤ ዓይናማው አንባቢ አለው፤ እኛ ብቻ የለንም። ስምምነቱም ቢሆን በሩን ለማንም ወለል አድርጎ አልከፈተውም። ቅጂው ተጠቃሚ ላልሆነ ሰው እንዳይደርስ የሚያዘጋጀው ተቋም እንዲቆጣጠር ያስገድዳል። ከእኛ መካከል ፋይል የሚበትን ካለ ይጠየቅ። ለዚህ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ፤ ደራሲ ከተራበ የማነበው መጽሐፍ አይኖርምና።

ከአሳታሚዎች በፊት ግን መንግሥት የራሱን ቤት ሊያስተካክል ይገባል። የመማሪያ መጻሕፍት ባለቤቱ መንግሥት ነው። እዚያ ላይ ፈቃድ የሚከለክል ባለመብት የለም፤ የሚሰጋ አሳታሚም የለም። አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ሲወጣ በዩኒኮድ የተዘጋጀ፣ ርዕሱና ገጹ በአግባቡ የተለየ፣ ለካርታውና ለሥዕሉም በጽሑፍ ማብራሪያ ያለው ፋይል አብሮ ይውጣ። ከማተሚያ ቤት ጋር ሲዋዋሉ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው። በየክፍሌ ዓይነ ስውር ተማሪ ይገጥመኛል። ጓደኞቹ ካርታውን ሲያዩ እሱ በእጁ መጽሐፉን ይዳስሳል፤ ወረቀቱ ለስላሳ ነው፤ ምንም የለበትም። እኔ ስለ ዓድዋ ተራሮች በቃሌ አስረዳዋለሁ። በየትምህርት ቤቱ ግን እንዲህ የሚያስረዳ መምህር ላይኖር ይችላል።

ሌላው፣ ድንበር መሻገሩ ነው። ብዙዎቻችን ስምምነቱን ከውጭ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ማግኛ አድርገን ብቻ እናየዋለን። እሱም ትልቅ ነገር ነው። ግን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ መጽሐፍ ከኛ በቀር ማን ሊያዘጋጅ ነው? አሜሪካ፣ እስራኤልና የአውሮፓ ኅብረት የስምምነቱ አባላት ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ በስኳር ወይም በግላኮማ ምክንያት ዓይናቸው የደከመ ስንት አባቶችና እናቶች አሉ? እስራኤል ውስጥስ ከዕብራይስጥ ይልቅ አማርኛ የሚቀላቸው ስንት አረጋውያን አሉ? እዚያ ያለው ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ቅጂ ልስጣችሁ ቢል ከየት ያመጣል? እኛ ካዘጋጀን በሕጋዊ መንገድ ይደርሳቸዋል። ኬንያም አባል ናት፤ የሶማሊኛና የኦሮምኛ መጽሐፍ ከሞያሌ ማዶም አንባቢ አለው።

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በዚህ ጉዳይ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ቅጂ ማዘጋጀት የሚችሉት ተቋማት እነማን እንደሆኑ በግልጽ ይነገረን። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ያሉ ትምህርት ቤቶች ሥራው ይገባቸዋል፤ ልምዱም አላቸው። አሳታሚዎች የሚያውቁት አጭር የአማርኛ መመሪያ ይኑር። ያ ስልክ ያነሳልኝ ወጣት መመሪያው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ኖሮ ለአለቆቹ የሚያሳየው ነገር ይኖረው ነበር።

አገራችን ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ስትደራደርም ይኸው ጉዳይ ይታሰብ። እንዲህ ያለ ድርድር የአእምሯዊ ንብረት ሕግን ጠበቅ ወደ ማድረግ ይገፋል። በጣም ያላደጉ አባል አገሮች ደግሞ የድርጅቱን የአእምሯዊ ንብረት ደንብ በአብዛኛው እንዳይፈጽሙ እስከ እ.ኤ.አ. 2034 አጋማሽ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ተደራዳሪዎቻችን ይህን ዕድል በርካሽ እንዳይለቁት አደራ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሻሻልም የማራካሽ ድንጋጌዎች በአዋጁ ውስጥ በስማቸው ይግቡ። ለማስተማሪያና ለቤተ መጻሕፍት የሚፈቀደው ቅጂም ይስፋ። ማየት የሚችለው የገጠር ተማሪም ቢሆን ለአስተማሪው የማይገኝ መጽሐፍ ለእሱ አይገኝለትም። የአፍሪካ አገሮች ለቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲኖር ጄኔቭ ላይ፣ በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ለዓመታት እየጠየቁ ነው። ኢትዮጵያ እዚያ ዝም ብላ እንዳትቀመጥ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ ለእናንተም ለጋዜጠኞች አንድ ጥያቄ አለኝ። የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ፣ የፈተና ውጤት መግለጫ፣ የመንግሥት መግለጫ በፎቶ ብቻ ሲለጠፍ እኛ የምንሰማው «ምስል» የሚል ቃል ብቻ ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችሁ ፎቶውን ስትለጥፉ ጽሑፉንም ከሥሩ አስገቡልን። ለዚህ አዋጅም በጀትም አያስፈልግም፤ ከዛሬው ልጥፍ መጀመር ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከደሴ